ከማሳ በኋላ ያለው ሥራ፦ የፍራፍሬና የአትክልት አብሳሰልና አቆያየት ታሪክ



የምሥረታ በዓል ሲከበር እንደ ልማድ የሚቆጠረው የተሠራው ነው። ስንት ኩንታል ማዳበሪያ ተሰራጨ፣ ስንት ፓምፕ ተገዛ፣ ለአባላት ምን ያህል የትርፍ ክፍፍል ተደረገ እየተባለ ይዘረዘራል። ይህ ሁሉ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ከማሳ ወደ ገበታ በሚወስደው መንገድ ላይ በየጊዜው ስለሚጠፋው ምርት ብዙም አይነገርም። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት በዓለም ለሰው ምግብነት ከሚመረተው ውስጥ አንድ ሦስተኛ ያህሉ እንደሚጠፋ ወይም እንደሚባክን ገልጿል። ከሁሉም በላይ የሚጎዱት ፍራፍሬ፣ አትክልትና ሥራ ሥር መሆናቸውንም አመልክቷል።

ገበሬው ዘር ገዝቶ፣ ውኃ ስቦ፣ አረም ነቅሎ፣ ሌሊት ማሳ ጠብቆ ያደረሰው ቲማቲም በሳጥን ውስጥ ሲበሰብስ የሚጠፋው ቲማቲሙ ብቻ አይደለም። የፈሰሰው ላብ፣ ነዳጅና ማዳበሪያ አብሮ ይጠፋል። ከዚህም የከፋው፣ «ነገ ይበላሽብኛል» የሚል ሥጋት ያደረበት ሻጭ በገበያ ላይ አቅም አይኖረውም። የተጠየቀውን ዋጋ ተቀብሎ ከመሄድ በቀር ምርጫ የለውም። ስለዚህ ምርትን ማቆየትና ማብሰል የሙያ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የዋጋ ጉዳይም ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሰው ልጅ ይህን ሥራ እንዴት እንደተማረው ከታሪክ ማሳየት፣ ከዚያም ለእኛ ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚሆነውን ትምህርት ማውጣት ነው።

የተቆረጠ ፍሬም ይተነፍሳል

ታሪኩን ለመረዳት አስቀድሞ አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። ፍራፍሬና አትክልት ከተቆረጡ በኋላም ሕይወት አላቸው። ይተነፍሳሉ፤ ያከማቹትን ስኳር እያቃጠሉ ሙቀት ይሰጣሉ፤ ውኃቸውም በቆዳቸው በኩል ይወጣል። ልዩነቱ በግንድ ላይ ሳሉ የወጣባቸውን ሥርና ቅጠል ይተካላቸው ነበር፤ ከተቆረጡ በኋላ ግን ተኪ የላቸውም። ከያዙት ስንቅ ብቻ ይኖራሉ።

ይህን ስንቅ በፍጥነት የሚጨርሰው ዋናው ነገር ሙቀት ነው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር የፍሬው አተነፋፈስ በአብዛኛው ከ2 እስከ 3 እጥፍ ይፈጥናል። በ15 ዲግሪ 6 ቀን ሊቆይ የሚችል ምርት በ25 ዲግሪ 2 ወይም 3 ቀን ብቻ ይቆያል ማለት ነው። በቀትር ፀሐይ ላይ ተከምሮ መኪና የሚጠብቅ ምርት ደግሞ ውስጡ ከአየሩ በላይ ይግላል። እናቶቻችን ጎመንና ሰላጣ ማልደው ቆርጠው፣ በቅጠል ሸፍነው፣ ውኃ እርከፍከፍ አድርገው ወደ ገበያ ሲወጡ ይህንኑ ሕግ በተግባር ያውቁት ነበር።

ሁለተኛው ነገር የአበሳሰል ዓይነት ነው። ፍሬዎች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። ሙዝ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ አቮካዶና ቲማቲም ካደጉ በኋላ ቢቆረጡም መብሰላቸውን ይቀጥላሉ። ብርቱካን፣ ሎሚ፣ ወይን፣ አናናስና ሐብሐብ ግን በተቆረጡበት ደረጃ ላይ ይቆማሉ፤ ከዚያ በኋላ ያረጃሉ እንጂ አይጣፍጡም። የመጀመሪያዎቹ ሲበስሉ ኤትሊን የሚባል በዓይን የማይታይ ጋዝ ያመነጫሉ። ይህ ጋዝ አንዱን ፍሬ አብስሎ አጠገቡ ያለውንም ያነሣሣል። አንድ የበሰለ ሙዝ ከጥሬዎቹ መካከል ሲቀመጥ ሁሉም ቶሎ የሚበስሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ሾላን የበጡ የጥንት ሰዎች

ሰዎች ኤትሊን የሚለውን ስም ከመስማታቸው ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት በሥራው ይጠቀሙበት ነበር። በአገራችን በየወንዙ ዳርና በየገበያው ጥላ የሚሰጠን የሾላ ዛፍ በጥንት ግብፅም የተከበረ ነበር። ግብፃውያን የሾላውን ፍሬ ገና ጥሬ ሳለ በዛፉ ላይ በስለት ይበጡት ነበር። የተበጣው ፍሬ በጥቂት ቀናት ውስጥ አብጦ ይበስላል። ይህን ዘዴ የግሪኩ ሊቅ ቴዎፍራስጦስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛውና በአራተኛው መቶ ዓመታት መካከል በነበረበት ዘመን ጽፎ አልፏል። ምክንያቱ በኋላ ዘመን ታወቀ። ፍሬ ሲቆስል ኤትሊን ያመነጫል፤ ኤትሊኑም ያበስለዋል።

ይህ ጥንታዊ ዘዴ ለዛሬው ገበሬ የተገላቢጦሽ ትምህርት ይሰጣል። ቁስል ፍሬን የሚያበስል ከሆነ፣ በጭነት ጊዜ የተጋጨ፣ የተወረወረ፣ በጥፍር የተጫረ ፍሬ ሳይፈለግ ይበስላል፤ የጎረቤቶቹንም ዕድሜ ያሳጥራል ማለት ነው። በአንድ ሳጥን ውስጥ ያለ አንድ የቆሰለ ቲማቲም የግሉን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የሳጥኑን ሁሉ ዋጋ ይዞ ይወርዳል።

የላምባ ምድጃው ምስጢር

በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በአሜሪካ የካሊፎርኒያ የሎሚ ነጋዴዎች አረንጓዴ ሎሚን በዝግ ክፍል ውስጥ አስገብተው የላምባ ምድጃ በማንደድ ቢጫ ያደርጉት ነበር። ሁሉም ሰው ሎሚውን የሚለውጠው የምድጃው ሙቀት ነው ብሎ ያምን ነበር። ጭሱን ለማስቀረትና የእሳት አደጋን ለመቀነስ በሌላ ማሞቂያ ሲተኩት ግን ክፍሉ ቢሞቅም ሎሚው አረንጓዴ እንደሆነ ቀረ። ሥራውን ይሠራ የነበረው ሙቀቱ ሳይሆን ከጭሱ ጋር የሚወጣው ጋዝ እንደነበር በዚህ ታወቀ።

ጋዙ ከዚያ በፊት በሌላ ቦታ ተገኝቶ ነበር። ዲሚትሪ ኔልዩቦቭ የተባለ ሩሲያዊ ተመራማሪ በ1901 እ.ኤ.አ. በሴንት ፒተርስበርግ ቤተ ሙከራው ውስጥ የበቀሉ የአተር ቡቃያዎች እየተጣመሙ ስላስቸገሩት ምክንያቱን ፈለገ። ጥፋቱ ለመብራት ከሚቃጠለው ጋዝ የሚወጣው ኤትሊን ሆኖ አገኘው። በ1924 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ፍራንክ ዴኒ ሎሚን ቢጫ የሚያደርገው በላምባው ጭስ ውስጥ ያለው ኤትሊን መሆኑን አሳየ። በ1934 እ.ኤ.አ. ደግሞ እንግሊዛዊው ሪቻርድ ጌን ፍሬዎች ራሳቸው ኤትሊን እንደሚያመነጩ አረጋገጠ። እንግሊዛውያኑ ኪድና ዌስት በዚያው ዘመን የአየሩን ኦክሲጅን ቀንሶ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን በመጨመር ፖምን ለወራት ማቆየት እንደሚቻል አጠኑ።

ከዚህ በኋላ በብዙ አገሮች የማብሰያ ክፍል መልኩ ተለወጠ። ጭሱ ቀርቶ ንጹሕ ኤትሊን በመጠን መስጠት ተጀመረ። ለሙዝ የሚበቃው መጠን በጣም ጥቂት ነው። ከአንድ ሚሊዮን እጅ አየር ውስጥ ከ100 እስከ 150 እጅ ኤትሊን ለ24 ሰዓት ያህል ይሰጣል። ክፍሉም ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይያዛል፤ እርጥበቱ ይጠበቃል፤ ፍሬው የሚያወጣው የተቃጠለ አየርም በየጊዜው ይነፍሳል። በዚህ ሁኔታ ሙዙ በጥቂት ቀናት ውስጥ እኩል ቢጫ ሆኖ ይወጣል።

የሙዝ መንገድ፦ ከአርባ ምንጭ እስከ አዲስ አበባ

በአገራችን የንግድ ሙዝ ሲነሣ በቅድሚያ የሚጠቀሰው አርባ ምንጭ ነው። በአባያና በጫሞ ሐይቆች አካባቢ ያሉት እንደ ላንቴ፣ ጫኖና ሻራ ያሉ ቀበሌዎች ገበሬዎች የሚያመርቱት ሙዝ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ ይደርሳል። ሙዙ የሚቆረጠው ጥሬውን ነው። በዘለላው እንዳለ ወይም ተገንጥሎ፣ ከሥሩና ከጎኑ የሙዝ ቅጠል ተደርጎለት፣ በአይሱዙ ላይ ተደራርቦ ይጫናል። አዲስ አበባ ሲደርስ በማብሰያ ቤቶች ውስጥ ይገባና የላምባ ምድጃ ይነድበታል። ካሊፎርኒያውያኑ ከመቶ ዓመት በፊት የሠሩበት ዘዴ በእኛ አገር ገና አልተረሳም።

ዘዴው ሥራ እንደማይሠራ አድርጎ መናገር ልክ አይሆንም። ጭሱ ኤትሊን ስላለበት ሙዙን ያበስላል። ርካሽም ነው። ጉድለቱ ግን ሦስት ነው። አንደኛ፣ መጠኑ ስለማይታወቅ ከክፍሉ አንዱ ጥግ ያለው ሲበስል ሌላው ጥሬ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ሙዙ የጭስ ሽታ ይይዛል፤ ዝግ ክፍል ውስጥ የሚነድ እሳት ለሠራተኛው ጤናና ለንብረቱም አደጋ ነው። ሦስተኛ፣ ምድጃው ክፍሉን ከልክ በላይ ስለሚያሞቀው ሙዙ ውስጡ ለስልሶ ለጥቂት ቀን እንኳ ሳይቆይ ይጠቁራል።

የአዲስ አበባ ብርድም የራሱ ጣጣ አለው። ሙዝ የቆላ ፍሬ ነው። ከ13 ዲግሪ በታች ሲያድር ቆዳው ግራጫ መልክ ይይዛል፤ በኋላም በደንብ አይበስልም። በከፍታው ምክንያት የከተማዋ ሌሊት ከዚህ በታች ስለሚወርድ በሜዳ ላይ ያደረ ሙዝ ጠዋት ሲታይ ደኅና ይመስላል፤ ጉዳቱ የሚታወቀው ከቀናት በኋላ ነው።

ስለ ጭነቱም ታሪክ የሚለን አለ። እስከ 1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ የዓለም ገበያ ሙዝ «ግሮ ሚሼል» የሚባለው ዝርያ ነበር። ቆዳው ጠንካራ ስለሆነ ዘለላው እንዳለ በመርከብ ይጫን ነበር። የፓናማ በሽታ የተባለው የአፈር ሻጋታ ይህን ዝርያ ሲያጠፋው ኩባንያዎቹ በሽታውን ወደሚቋቋመው ወደ ካቨንዲሽ ተዛወሩ። የካቨንዲሽ ቆዳ ግን በቀላሉ ይቆስላል። ስለዚህ ዘለላውን በእርሻው ላይ ገንጥሎ፣ አጥቦ፣ በካርቶን አሽጎ መላክ ግድ ሆነ። በአርባ ምንጭ በብዛት የሚለማው ሙዝም ከዚሁ ከካቨንዲሽ ወገን ነው። ዝርያውን ተቀብለናል፤ ዝርያው የሚጠይቀውን አስተሻሸግ ግን ገና በተሟላ ሁኔታ አልተቀበልነውም።

ከሁሉም በላይ ልናስተውለው የሚገባው ግን የሥራ ክፍፍሉ ነው። ገበሬው ጥሬ ሙዝ ይሸጣል፤ በላተኛው ብስል ሙዝ ይገዛል። በሁለቱ መካከል ያለው የማብሰል ሥራ ጥቂት ቀናት ብቻ ይፈጃል፤ ዋጋውን የሚለውጠውም ይኸው ሥራ ነው። የማብሰያ ቤቱ ቁልፍ ያለው ሰው የገበያውን ቁልፍ ይዟል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሜሎንና ሐብሐብ፦ መቸኮል የማይፈቅዱ ፍሬዎች

ሐብሐብ የአፍሪካ ልጅ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ የዘረ መል ጥናት የቅርብ ዘመዱ በጎረቤታችን በሱዳን የሚገኘው የኮርዶፋን ሐብሐብ መሆኑን አሳይቷል። በግብፁ ንጉሥ በቱታንክሃሙን መቃብር ውስጥም የሐብሐብ ዘሮች ተገኝተዋል። ሜሎንም በአፍሪካና በእስያ ከጥንት የኖረ ነው።

እነዚህ ፍሬዎች ከሙዝ የሚለዩበት ትልቅ ነገር አለ። ጥሬ ሙዝ ከሥጋው ውስጥ 20 በመቶ ያህል ስታርች ይዟል፤ ሲበስል ይህ ስታርች ወደ ስኳር ይለወጣል። ስለዚህ ጥሬ ተቆርጦም ይጣፍጣል። ሜሎንና ሐብሐብ ግን የተጠራቀመ ስታርች የላቸውም። ጣፋጭነታቸው በመጨረሻዎቹ ሳምንታት በቀጥታ ከቅጠሉ የሚወርድ ስኳር ነው። ሐረጉ ከተቆረጠ ስኳሩ ቆመ። ጮርቃ ሜሎን በመጋዘን ቢቀመጥ ሊለሰልስና መዓዛ ሊያወጣ ይችላል፤ ስኳር ግን ከየትም አያመጣም። ሐብሐብማ መለስለሱም ለጉዳት ነው።

የገበያ ዋጋ ሲወደድ ከሳምንት በፊት ለመቁረጥ የሚገፋፋው ፈተና ለሁሉም ግልጽ ነው። ሆኖም «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው፣ አንድ ጊዜ ውኃ ውኃ የሚል ሐብሐብ የበላ ደንበኛ በሚቀጥለው ሳምንት አይመለስም። የሚጎዳውም የቆረጠው ሰው ብቻ አይደለም። ምርቱ በማኅበሩ ስም ከወጣ ስሙ የሚጠፋው የሁሉም አባል ነው።

መድረሱን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በሐብሐብ በኩል፣ ከፍሬው አጠገብ ያለው የሐረጉ ጥምዝ ክር ሲደርቅ፣ መሬት የነካው ጎን ከነጭነት ወደ ቅቤ ቢጫነት ሲለወጥ፣ የቆዳው አንጸባራቂነት ሲደበዝዝ ደርሷል። መረብ መሰል ቆዳ ባለው ሜሎን ላይ ደግሞ ፍሬው ከሐረጉ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ዙሪያውን የመሰንጠቅ ምልክት ይታያል፤ በጥቂቱ ሲገፋም ይለቃል። ሐብሐብ ግን አይለቅም። በቢላዋ ጥቂት ጉንድ አስቀርቶ መቁረጥ እንጂ መቦጨቅ አይገባም። በማለዳ ውኃ ሞልቶት ስለሚወጠር በቀላሉ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ረፈድ ሲል ቢቆረጥ ይመረጣል። ከተቆረጠ በኋላ ወዲያውኑ ጥላ ያስፈልገዋል።

አቀማመጡም ይለያያል። መረብ ቆዳ ያለው ሜሎን ከ2 እስከ 5 ዲግሪ ቅዝቃዜን ይችላል። ሐብሐብ ግን ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ይፈልጋል፤ ከዚያ በታች ለረጅም ጊዜ ከቆየ ቆዳው ይጎደጉዳል፣ ቀለሙም ይደበዝዛል። ሐብሐብን ከሙዝ ወይም ከበሰለ ሜሎን ጋር በአንድ ክፍል ማከማቸትም አይገባም፤ ከእነርሱ የሚወጣው ኤትሊን ሥጋውን ያሟሟዋል።

የማቆያ ጥበብ፦ ከጎተራ እስከ እርጥብ አሸዋ

አያቶቻችን እህልን በጎተራና በጉድጓድ ለዓመታት ማቆየት ያውቁ ነበር። በርበሬ አድርቀው፣ ሥጋን ቋንጣ አድርገው፣ ቆጮን በጉድጓድ ቀብረው አቆይተዋል። በእነዚህ ሁሉ ዘዴዎች ምርቱ ወይ ይደርቃል፣ ወይ ይብላላል። ምርቱን ትኩስ እንደሆነ ማቆየት ግን የተለየ ጥበብ ይፈልጋል፤ ደግሞም ለእያንዳንዱ ዓይነት የተለየ ነው።

ድንችን እንውሰድ። ወደ አገራችን ያስገባው ጀርመናዊው የዕፀዋት ተመራማሪ ሺምፐር እንደሆነና ጊዜውም በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት አጋማሽ፣ በ1858 እ.ኤ.አ. ገደማ እንደነበረ ይነገራል። ገበሬው ድንቹን ቶሎ ከመቆፈር ይልቅ በማሳው ውስጥ እንዳለ ማቆየትን ለመደ። ይህ ለጊዜው ይረዳል፤ መሬቱን ግን ለሌላ ሰብል እንዳይውል ያስራል፤ ድንቹንም ለተባይ ያጋልጣል። የምርምር ማዕከሎቻችንና ዓለም አቀፉ የድንች ማዕከል ያስተዋወቁት ብርሃን የሚያስገባ መጋዘን ለዘር ድንች መልካም መፍትሔ ሆኗል። በእንጨት መደርደሪያ ላይ ስስ ተደርጎ የተዘረጋ ዘር ድንች በተበተነ ብርሃን ውስጥ አጭርና ጠንካራ ቡቃያ ያወጣል። ልብ ማለት የሚገባው ይህ ለዘር ብቻ የሚሆን መሆኑን ነው። ለምግብ የሚሆነው ድንች ብርሃን ካገኘ አረንጓዴ ይሆናል፤ መራራና መርዛማ ነገርም ያጠራቅማል። ስለዚህ ጨለማና ነፋሻ ቦታ ይፈልጋል።

ቀይ ሽንኩርት ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ቅጠሉ ከግማሽ በላይ ሲወድቅ ተነቅሎ፣ አንገቱና የላይኛው ቅርፊቱ በደንብ እስኪደርቅ ድረስ ጥላና ነፋስ ባለበት ቦታ መቆየት አለበት። ከዚያ በኋላ ወይ ወደ ዜሮ ዲግሪ በተጠጋ ቅዝቃዜ፣ ወይ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለ ደረቅ ሙቀት ይቆያል። በመካከል ያለው ሙቀት ግን ያበቅለዋል። ይህ ለስምጥ ሸለቆ ገበሬ የምሥራች ነው፤ ውድ ማቀዝቀዣ ሳይገዛ፣ ከመሬት ከፍ ባለ፣ ነፋስ በሚያሳልፍ የሽቦ ወይም የቀርከሃ መደብ ላይ ሽንኩርቱን ለሳምንታት አቆይቶ ዋጋው እስኪነሣ መጠበቅ ይችላል። እርጥቡን በጆንያ ጠቅጥቆ መከመር ግን መበስበስን መጋበዝ ነው።

መብራት በሌለበት ቦታ ውኃ ራሱ ያቀዘቅዛል። ውኃ ሲተን ሙቀት ይወስዳል፤ የእንስራ ውኃ የሚቀዘቅዘው በዚህ ምክንያት ነው። ናይጄሪያዊው መምህር መሐመድ ባህ አባ ይህንኑ ይዞ አንዱን የሸክላ ድስት በሌላው ውስጥ አስቀምጦ፣ በመካከላቸው እርጥብ አሸዋ በመሙላት፣ አትክልት የሚያቆይ ማቀዝቀዣ ለገጠር ቤተሰቦች አዳረሰ፤ ለዚህም ሥራው በ2000 እ.ኤ.አ. የሮሌክስ ሽልማት ተሰጥቶታል። በህንድም በሁለት የጡብ ግድግዳዎች መካከል እርጥብ አሸዋ የሚሞላበት ማቆያ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራበታል። በአገራችንም የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ሙዝ፣ ፓፓያ፣ ብርቱካን፣ መንደሪንና ሎሚን በውኃ ትነት በሚቀዘቅዝ ክፍል በማቆየት ያገኙትን ውጤት አሳትመዋል። ይህ ዘዴ ደረቅ አየር ባለበት እንደ አዋሽና ድሬዳዋ ባሉ ቦታዎች ጥሩ ይሠራል። አየሩ እርጥብ በሆነበት በክረምት ግን ጥቅሙ ያንሳል።

ገበያውና ማኅበሩ

የፍራፍሬ ንግዳችን ታሪክ ከመንገድ ታሪክ ጋር የተሳሰረ ነው። የምድር ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ የምሥራቁ አካባቢ አትክልትና ፍራፍሬ በፍጥነት ወደ ጅቡቲ የሚሄድበት በር ተከፈተ። ቶሎ የሚበላሽ ምርት ቶሎ የሚሄድ ማጓጓዣ ይፈልጋልና።

በ1958 ዓ.ም. የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ በኋላ መልካሳ የተባለው የናዝሬት ማዕከልም ተከትሎ የቲማቲምና የሽንኩርት ዝርያዎችን ለገበሬው አደረሰ። በ1972 ዓ.ም. የተቋቋመው ኢትፍሩት ደግሞ የመንግሥት እርሻዎችን ፍራፍሬና አትክልት ወደ ከተማ ነዋሪውና ወደ ውጭ ገበያ ያደርስ ነበር፤ ድርጅቱ በ2008 ዓ.ም. ከሌሎች የመንግሥት የንግድ ድርጅቶች ጋር ተዋህዶ በኢትዮጵያ ንግድ ሥራዎች ኮርፖሬሽን ሥር ገባ። ለብዙ ዓመታት የአገሪቱን የአትክልት ዋጋ ሲወስን የኖረው የፒያሳው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ወደ ጃንሜዳ፣ ቀጥሎም ወደ ላፍቶ ሃይሌ ጋርመንት አካባቢ ተዛውሯል። ቦታው ቢለወጥም የገበሬው ችግር አብሮ ተጉዟል። መኪናው ከደረሰ በኋላ ማቆያ የሌለው ሻጭ ፀሐይ ሳይወጣ መሸጥ አለበት።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሕጋዊ ታሪክ በድንጋጌ ቁጥር 44/1953 ይጀምራል፤ አዋጅ ቁጥር 241/1958 ተከተለው። በደርግ ዘመን በአዋጅ ቁጥር 138/1970 የተደራጁት ማኅበራት በብዙ ቦታ በግዴታ የተቋቋሙ ስለነበሩ፣ በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ አብዛኞቹ የአምራቾች ማኅበራት ፈረሱ። በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተው እንቅስቃሴ በአዋጅ ቁጥር 147/1991 ታደሰ፤ ይህም በአዋጅ ቁጥር 985/2009 ተተካ። ዩኒየኖች የተወለዱት በዚህ መሠረት ላይ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ግን የብዙዎቹ ማኅበራት ትኩረት ግብዓት ማቅረብና ጥሬ ምርት መሸጥ ሆኖ ቆይቷል። ማብሰያ ክፍሉ፣ ማቆያ መጋዘኑና ማሸጊያ ጣቢያው በሌላ እጅ ቀርተዋል።

ንጽሕና የማኅበር ስም ነው

ምርት መቆየቱ ብቻውን አይበቃም፤ ለበላተኛው ጤና የተጠበቀ መሆን አለበት። በ2011 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ከኮሎራዶ ከወጣ ሜሎን ጋር በተያያዘ ሊስቴሪያ በተባለ ተሕዋስ 147 ሰዎች ታመው 33ቱ ሞተዋል። መርማሪዎች ተሕዋሱን ያገኙት በማሸጊያ ቤቱ መሣሪያዎችና ውኃ በሚቋጥረው ወለል ላይ ነበር። ያን ዓመት በሽታው ያልነካቸው ሌሎች የሜሎን አምራቾችም ገበያ አጥተዋል።

ከዚህ የምንማረው ብዙ ነው። የሜሎን ቆዳ ሻካራ ስለሆነ ቆሻሻ ይይዛል፤ ሳይታጠብ ሲቆረጥ ቢላዋው የቆዳውን ቆሻሻ ወደ ሥጋው ያስገባል። ስለዚህ ከመቆረጡ በፊት በንጹሕ ወራጅ ውኃ በብሩሽ መታጠብ፣ ከተቆረጠ በኋላም በቀዝቃዛ ቦታ መቀመጥ አለበት። በፀሐይ የጋለ ቲማቲምን በቀዝቃዛና ባልታከመ ውኃ ገንዳ ውስጥ መዝፈቅም አደገኛ ነው። ፍሬው ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው አየር ስለሚኮማተር ውኃውን ከነተሕዋሱ በእንብርቱ በኩል ይስባል።

ማንጎን ለማብሰል በአንዳንድ አገሮች የሚጨመረው ካልሲየም ካርባይድም እንዲሁ መወገዝ ያለበት ነው። እርጥበት ሲነካው እንደ ኤትሊን የሚሠራ አሴቲሊን የተባለ ጋዝ ያወጣል፤ ለፋብሪካ የተሠራ ስለሆነ ግን አርሴኒክና ፎስፈረስ የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል። በህንድ ለፍራፍሬ ማብሰያነት እንዳይውል ተከልክሏል። ንጹሕ ኤትሊን ባለበት ዘመን በሰው ጤና መነገድ አያስፈልግም።

ምን እናድርግ?

ታሪኩ የሚያስተምረን ሁሉ በአንድ ሌሊት አይሠራም። ሆኖም «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» እንደሚባለው ገንዘብ ከማይጠይቀው መጀመር ይቻላል። ምርትን በጥላ መሰብሰብ፣ የቆሰለውን ከደህናው መለየት፣ ጮርቃ አለመቁረጥ፣ ሽንኩርትን አድርቆ ማከማቸት፣ ሳጥን አጥቦ መጠቀም፣ የሚጠይቁት ስምምነትና ቁጥጥር ብቻ ነው። እያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር የመቁረጫ ደረጃ በጠቅላላ ጉባኤ ወስኖ በመዝገብ ቢያኖር፣ ከደረጃ በታች የሆነውን የመመለስ ሥልጣንም ለጥራት ኮሚቴው ቢሰጥ ጥሩ ጅምር ይሆናል።

ቀጥሎ የሚመጣው በማኅበር ደረጃ የሚሠራ የመሰብሰቢያ ጥላ፣ የሽንኩርት መደብና በውኃ ትነት የሚቀዘቅዝ ማቆያ ነው። በዩኒየን ደረጃ ደግሞ የማብሰያ ክፍል ማቋቋም ሊታሰብበት ይገባል። ከዩኒየኑ በጀት ውስጥ ለመኪናና ለግብዓት የሚመደበው ያህል ለዚህም ሲመደብ ገበሬው ጥሬ ሻጭ ከመሆን ይወጣል። የወረዳና የዞን የሥራ ኃላፊዎች በዚህ ላይ ድርሻ አላቸው። መሬት፣ መብራትና ውኃ ለማቆያና ለማብሰያ ጣቢያዎች በቅድሚያ ቢሰጡ፣ የኅብረት ሥራ ባለሙያዎችም ከኦዲት ጋር የድኅረ ምርት ብክነትን መመዝገብ ቢጀምሩ፣ ምን ያህል እየጠፋ እንደሆነ በራሳችን መዝገብ እናውቃለን። ያልተቆጠረ ጥፋት አይስተካከልምና።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነው። አንድ ገበሬ ብቻውን የማብሰያ ክፍል ሊሠራ አይችልም፤ ብቻውን ቀዝቃዛ መኪና ሊገዛም አይችልም። ማኅበር የተመሠረተው ለዚህ ነው። ከማሳ በኋላ ያለው ሥራ የሌላ ሰው ሥራ ሆኖ እስከቀጠለ ድረስ ትርፉም የሌላ ሰው ይሆናል። በሚቀጥለው የምሥረታ በዓላችን መጽሔት ላይ ስለተሸጠው ምርት ብቻ ሳይሆን ከመበላሸት ስለዳነው ምርትም በቁጥር የምናነብ ያድርገን።

ለአባላትና ለመላው አንባቢያን መልካም የምሥረታ በዓል!